በይሉኝታ አይሸጥም፦ በራስ ገንዘብ ያሳተሙትን መጽሐፍ እንዴት ያስተዋውቃሉ?

አገራችን ውስጥ ብዙ የአማርኛ ልቦለድና ግጥም የሚታተመው በደራሲው ኪስ ነው። ደራሲው ያሳርማል፣ ለሽፋን ሠዓሊ ይከፍላል፣ ማተሚያ ቤት ይመላለሳል። ከዚያ አንድ ቀን ሳሎኑ በካርቶን ይሞላል። እስካሁን መጻፍ ነበር ሥራው። አሁን መሸጥ መጣ።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ስልኩን ያነሳና ለሚያውቀው ሁሉ ይደውላል። ለዘመድ፣ ለሥራ ባልደረባ፣ ለድሮ የክፍል ጓደኛ፣ ለዕድር ሰው። እነሱም እምቢ አይሉም። "በርታ፣ አኮራኸን" ብለው ይገዛሉ። ግን የገዙት ደራሲውን ላለማሳዘን ነው። በይሉኝታ የተገዛ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ አይነበብም። ያልተነበበ መጽሐፍ ደግሞ አይወራለትም። የአማርኛ መጽሐፍ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ የሚሸጠው "ያንን መጽሐፍ አነበብሽው?" በሚል ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅልዎት ያነበበ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለሁለት ነገር ነው። መጽሐፉ ሊወደው የሚችል ሰው እጅ እንዲገባ፣ ያ ሰው ሲፈልገው ደግሞ በቀላሉ እንዲያገኘው።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ መጽሐፍ እንፍጠር። በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮችን ሕይወት የሚተርክ ልቦለድ ነው እንበል። እስከ መጨረሻው ድረስ እሱን ይዘን እንሄዳለን።

1. ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት

መጽሐፉን ማን እንደሚያነበው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። "ለሁሉም የኅብረተሰብ ክፍል" ማለት ለማንም ማለት ነው። የእኛ ልቦለድ አንባቢዎች ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው፣ ትራንዚተሮች፣ በመስመሩ ላይ ያሉትን የአዋሽ፣ የሚሌና የገላፊን ስሞች ሰምተው የሚያውቁ ሰዎች፣ የጉዞ ታሪክ የሚወዱ ወጣቶች ናቸው። ይህን ካወቁ መጽሐፉን የት ይዘው እንደሚሄዱ ግማሹን አወቁ ማለት ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ ያለ ምግብ ቤት ለዚህ መጽሐፍ ከአንዳንድ መጻሕፍት መደብር ሊሻል ይችላል።

ቀጥሎ የጀርባ ሽፋን። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። የደራሲው ፎቶ፣ የተማረበት ዩኒቨርሲቲ፣ የሥራ ልምዱ፣ ለቤተሰቡ ምስጋና። መጽሐፍ ቤት ቆሞ የሚያገላብጥ ሰው ይህን አይፈልግም። መጽሐፉ ስለምን እንደሆነና ለምን ማንበብ እንዳለበት ነው የሚፈልገው። ከታሪኩ ውስጥ የሚያጓጓ አንድ አንቀጽ ይምረጡ። ከሥሩ ሁለት ሦስት መስመር ስለ መጽሐፉ፣ አንድ መስመር ስለ እርስዎ። በቃ።

የታዋቂ ሰው አስተያየት ማስገባት ከፈለጉ ሰውየው መጽሐፉን ያንብበው። "ድንቅ ሥራ ነው፣ ሁሉም ኢትዮጵያዊ ሊያነበው ይገባል" የሚል አስተያየት ሳያነቡ እንደተጻፈ ያስታውቃል። አንባቢ ሞኝ አይደለም።

አይ ኤስ ቢ ኤን የሚባለውን የመጽሐፍ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ከወመዘክር (ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ይውሰዱ። የኢትዮጵያ መጻሕፍት ቁጥር 978-99944 ብሎ ሲጀምር አይተው ይሆናል። ቤተ መጻሕፍትና ውጭ አገር ያሉ ሻጮች ይጠይቁታል። ቁጥሩ በሚታተምበት ገጽ ላይ አንባቢ የሚያገኝዎትን ስልክና የቴሌግራም አድራሻ ያስገቡ። ለዚህ ሌላ ሲም ካርድ ያውጡ። የግል ስልክዎ ለሺህ ሰው ከተበተነ በኋላ መመለሻ የለውም።

ዋጋውንም አሁን ያስሉት። የሽፋኑ ዋጋ 500 ብር ነው እንበል። አከፋፋዩና መጽሐፍ ቤቱ በጠቅላላው 35 በመቶ ቢወስዱ 175 ብር ሄደ። እርስዎ እጅ የሚገባው 325 ነው። ማተሚያ ቤቱ በአንዱ ቅጂ 220 ካስከፈለዎት 105 ብር ይተርፋል። የምረቃው ወጪ፣ በነጻ የሚሰጡት ቅጂ፣ የታክሲና የጭነቱ ሁሉ የሚወጣው ከዚህች 105 ነው። ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ "ለወገኔ ይረክስለት" ብለው ዋጋ ቢቆርጡ እያንዳንዱ ሽያጭ ያከስርዎታል።

ስለ ብዛቱም አንድ ነገር። ማተሚያ ቤቱ ብዙ ሲያሳትሙ የአንዱ ዋጋ እንደሚቀንስ ይነግርዎታል። እውነቱን ነው። ግን ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ርካሽ መጽሐፍ ከተሸጠ ውድ መጽሐፍ ይብሳል። ለመጀመሪያ መጽሐፍ በጥቂቱ ይጀምሩ።

2. በነጻ የሚሰጡትን ይምረጡ

በነጻ መስጠት ይፈራል። ገንዘብ መጣል ይመስላል። ለትክክለኛው ሰው ከተሰጠ ግን ከማስታወቂያ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ከ30 እስከ 50 የሚሆን ቅጂ ለይተው ያስቀምጡ።

ለማን? ለሚያነብና ለሚያወራ። የሥነ ጽሑፍ መምህራን፣ የንባብ ክበብ አስተባባሪዎች፣ ስለ መጽሐፍ የሚጽፉ የቴሌግራም ቻናል ባለቤቶች፣ የሬዲዮ የኪነ ጥበብ ፕሮግራም አዘጋጆች። ለእኛ ልቦለድ ደግሞ ሰው የሚሰማቸው ሁለት ሦስት አንጋፋ ሾፌሮች።

ብዙ ደራሲ የሚረሳው አንድ ሰው አለ፤ ራሱ መጽሐፍ ሻጩ። ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር ዙሪያ፣ አራት ኪሎ፣ ሜክሲኮ፣ ደንበኛ "ምን አዲስ ነገር አለ?" ብሎ የሚጠይቀው ሻጩን ነው። ሻጩ አንብቦት ከሆነ መልሱ የእርስዎ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። መጽሐፍ አዟሪዎችም እንዲሁ። አንዳንዱ አዟሪ ከብዙ ሐያሲ በላይ የአንባቢን ስሜት ያውቃል። ለእሱ አንድ ቅጂ በስሙ ፈርመው ይስጡት።

ለባለሥልጣንና ለዝነኛ ሰው መጽሐፉን ሲያስረክቡ ፎቶ ተነስቶ መለጠፍ ግን ብዙ አይጠቅምም። ላይክ ያመጣል። አንባቢ አያመጣም።

ከሰጡ በኋላ አይነዝንዙ። "አነበብከው?" ብሎ በየሳምንቱ መደወል ሰውየውን ከመጽሐፉም ከእርስዎም ያሸሸዋል። አንድ ጊዜ፣ ከወር በኋላ፣ "ጊዜ አግኝተህ ካየኸው ሐሳብህን ብሰማ ደስ ይለኛል" ይበሉ። ዝም ካለ ይለፉት።

3. አከፋፋዩና መጽሐፍ ቤቱ

ይህ ክፍል አሰልቺ ነው። ገንዘቡ ያለው ግን እዚህ ነው።

አብዛኛው መጽሐፍ ቤት ከአዲስ ደራሲ እጅ በእጅ አይገዛም። መጽሐፉን ተቀብሎ ሲሸጥ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ መጽሐፍ ሲያስረክቡ የሚሰጡት ንብረት ነው። በንብረትነቱ ይያዙት። በሁለት ኮፒ ወረቀት ይጻፉ። ስንት ቅጂ እንዳስረከቡ፣ በስንት ቅናሽ፣ ሒሳብ በየስንት ጊዜው እንደሚተሳሰብ፣ ያልተሸጠው መቼ እንደሚመለስ፣ የተበላሸው በማን እንደሚታሰብ። ፊርማና ቀን ይኑረው። "እኛ እኮ ወንድማማች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?" የሚል ካለ፣ እርስዎም በፈገግታ "ወንድምነታችን እንዲቆይ ነው" ይበሉ። ይሉኝታ ደራሲን ከሚያከስርበት ቦታ ዋናው ይህ ነው።

ሙሉውን ሕትመት ለአንድ አከፋፋይ የመስጠት ሐሳብ ያጓጓል። ጣጣው ሁሉ ያልቅልዎታል። ግን አከፋፋዩ በአንድ ጊዜ ብዙ መጽሐፍ ይይዛል፤ የሚገፋው የሚሮጥለትን ነው። ለብቻው መስጠት ካለብዎት በጊዜ ይገድቡት፤ ለምሳሌ ለስድስት ወር። የተወሰነ ቅጂም በእጅዎ ያስቀሩ። በስልክ የሚያዝዙዎት ሰዎች ይኖራሉ፤ ያ ሽያጭ የአከፋፋይ ድርሻ የለበትም።

መጽሐፍ ቤቶቹን በየሁለት ሳምንቱ ይጎብኙ። ሲሄዱ ገንዘብ ለመጠየቅ ብቻ አይሂዱ። መጽሐፉ የት እንደተቀመጠ ይዩ። ጀርባው ብቻ እየታየ ታች ተሰክቶ ከሆነ ሻጩን በትሕትና ፊት ለፊት እንዲያደርግልዎት ይጠይቁ። ራስዎ አንስተው የሌላ ደራሲ መጽሐፍ ላይ አይጫኑት። ይህን የሚያደርጉ አሉ። ሻጮቹ ያዩታል፣ ይስቁበታልም።

ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው አንባቢ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ በተለይ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ሁሉ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው አለ። በአውቶቡስ ጭነት አሥርና ሃያ ቅጂ መላክ ይቻላል። መጀመሪያ ግን ስልክ ደውለው ሻጩ መፈለጉን ያረጋግጡ። ሳይጠየቅ የተላከ ካርቶን እዚያው ነው የሚረሳው። ለእኛ ልቦለድ አዳማ ከማንም በፊት ይቀድማል። የመስመሩ ከተማ ናት።

4. ምረቃው

የመጽሐፍ ምረቃ እንደ ሠርግ ሆኗል። አዳራሽ፣ ባነር፣ የክብር እንግዳ፣ ውሃና ለስላሳ፣ ሙዚቃ። ወመዘክር፣ ሀገር ፍቅር፣ ብሔራዊ ቴአትር፣ አብርሆት፣ ሆቴሎች። በዝግጅቱ ላይ አራት ሰው ንግግር ያደርጋል። ሦስቱ መጽሐፉን አላነበቡትም። ደራሲው እያላበው ለሁለት መቶ ሰው ይፈርማል። ማግስቱ ላይ ስልኩ ጸጥ ይላል።

ምረቃ አያስፈልግም አልልም። ደራሲ በሥራው መደሰት አለበት፣ ቤተሰብም ማየት ይገባዋል። ግን የደስታውን በጀትና የማስተዋወቂያውን በጀት ይለዩ። የምረቃው ወጪ ለመጽሐፉ ካወጡት አንድ አምስተኛ ካለፈ፣ እያስተዋወቁ ሳይሆን እየደገሱ ነው።

ምረቃውን ጠቃሚ ማድረግ ይቻላል። መጀመሪያ፣ ቀኑን መጽሐፉ መጽሐፍ ቤት ከገባ በኋላ ያድርጉት። ሰው በምረቃው ሰሞን ሰምቶ ሊገዛ ሲሄድ "ገና አልመጣም" ከተባለ አይመለስም። ይህ ስሕተት በጣም የተለመደ ነው፤ ማተሚያ ቤት ይዘገያል፣ አዳራሹ ግን ተከራይቷል። ስለዚህ መጽሐፉ እጅዎ ሳይገባ አዳራሽ አይያዙ።

ሁለተኛ፣ ንግግሩን ቀንሰው ንባቡን ይጨምሩ። ጥሩ ድምፅ ያለው ተዋናይ ወይም ጓደኛ አሥር ደቂቃ ያንብብ። ወጋየሁ ንጋቱና ፍቃዱ ተክለማርያም በሬዲዮ በተረኩባቸው ዘመናት ስንቱ ሰው መጽሐፍ ገልጦ ሳያውቅ የልቦለድ ወዳጅ ሆኗል! የእኛ አድማጭ በጆሮው ይማረካል። ንባቡ የሚያጓጓ ቦታ ላይ ሲደርስ ያቁሙት። ሰው ቀሪውን ለማወቅ ይገዛል።

ሦስተኛ፣ አንድ ያነበበ ሰው ሂስ ያቅርብ፤ ጉድለቱንም ይናገር። ምስጋና ብቻ የሰማ ታዳሚ ደራሲውን እንጂ መጽሐፉን አያስታውስም።

ገጣሚ ከሆኑ ደግሞ የራስዎን ድግስ ከመደገስ ሰው ቀድሞ ወደተሰበሰበበት ይሂዱ። በራስ ሆቴል ለዓመታት የቆየው ጦቢያ ግጥም በጃዝ ዓይነት መድረክ ላይ አንድ ጥሩ ግጥም ማንበብ ከአንድ ሙሉ ምረቃ የበለጠ አዲስ አንባቢ ያመጣል።

በምረቃው ላይ አንድ የማይደረግ ነገር አለ። ሰዎችን ከመድረክ በስም እየጠሩ "አቶ እገሌ 50 መጽሐፍ ገዙ!" ማስባል። ጨረታው ደራሲውን ያስደስታል፤ ተራውን አንባቢ ያሳቅቀዋል። ሃምሳ የገዛው ሰውዬም ሃምሳውን ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። በርግጥ ሊረዳዎት የሚፈልግ ባለሀብት ካለ ሃምሳውን ለትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥ ያድርጉ። ያኔ ቢያንስ ይነበባል።

5. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ

ቴሌግራም የአማርኛ አንባቢ ሰፈር ነው። ስለዚህ ብዙው ጥፋትም እዚያ ይፈጸማል። ማድረግ የሌለብዎትን ላስቀድም።

ሰው ሳያስፈቅዱ ግሩፕ ውስጥ አያስገቡ። የሰፈር ዕድር፣ የማኅበር፣ የልጆች ትምህርት ቤት ወላጆች ግሩፕ ላይ የመጽሐፍ ሽፋን አይለጥፉ። ፌስቡክ ላይ መቶ ሰው ታግ አያድርጉ። በሌላ ደራሲ ገጽ ኮሜንት ሥር "የእኔንም መጽሐፍ ገበያ ላይ ያገኙታል" አይበሉ። ኢንቦክስ ገብተው "ሰላም እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ ደህና?" ካሉ በኋላ ሊንክ አይላኩ። የሐዘንና የበዓል መልእክት ከመጽሐፉ ሽፋን ጋር አያያይዙ። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ስሙ ከሚያበሳጩ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ማንም ፊት ለፊት አይነግረውም። ድምፁን ዘግተው ይተዉታል።

የሚሠራው ምንድን ነው? ከመጽሐፉ ውስጥ የሚጣፍጥ ነገር መስጠት። ይህን ልጥፍ ተመልከቱ፦

"ታላቅ የምሥራች! በጉጉት ሲጠበቅ የነበረው መጽሐፌ ለገበያ ቀርቧል። ሳያልቅብዎ ይግዙ! ሼር ሼር ሼር!"

ማን ጠበቀው? ምን ላይ ነው? የት ነው የሚገኘው? ስንት ነው? አንዱም አልተመለሰም። አሁን ይህን ደግሞ፦

"ገላፊ ላይ ሦስት ቀን ተሰልፎ የቆመ ሾፌር ምን እያሰበ ያድራል? ረዳቱ ከተኛ በኋላ ለማን ይደውላል? በዚህ መንገድ ላይ ስለጠፋ አንድ ወጣት ረዳትና እሱን ስለሚፈልግ ሾፌር የጻፍኩት ልቦለድ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከታች አለ፣ በነጻ ያንብቡት። ከወደዱት ለገሃርና አራት ኪሎ ባሉ መጽሐፍ ቤቶች በ500 ብር ያገኙታል። በስልክ ለሚያዝዙ በቴሌብር ከፍለው በሞተር ይደርስዎታል።"

ሁለተኛው ረዘም ይላል። ግን የሚያነበው ሰው ምን እንደሚገዛ ያውቃል፣ የት እንደሚገዛም ያውቃል።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ በነጻ መልቀቅ አይፍሩ። እስኪ ራስዎ የአዲስ ደራሲ መጽሐፍ እንዴት እንደሚገዙ ያስቡ። ሁለት ገጽ ሳያነቡ ይገዛሉ? ስልክ ላይ በሚመች መጠን ያዘጋጁት፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ መግዣ አድራሻውን ያስገቡ። ሰው ሲያስተላልፈው አድራሻውም አብሮ ይሄዳል።

ቻናል ከከፈቱ ስለ መጽሐፉ ብቻ አይጻፉ። እኔ የምመክረው ልክ ቢበዛ ከአምስት ልጥፍ አንዱ ስለ ሽያጭ እንዲሆን ነው። ሌላው ስለ መንገዱ፣ ስለ ሾፌሮች ቋንቋ፣ ስለ በረሃው ሙቀት፣ ስላነበቡት የሌላ ሰው መጽሐፍ ይሁን። ስለ ሌላ ደራሲ ሥራ በቅንነት የሚጽፍ ደራሲ ይወደዳል። ቻናሉ የሚከተሉት ሦስት መቶ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ አያሳስብዎ። ሦስት መቶ የሚያነቡ ሰዎች ከተገዙ አሥር ሺህ ተከታዮች ይሻላሉ። "ፎሎወር እንጨምራለን" የሚሉትን አይስሟቸው። የሚጨምሩልዎት ቁጥር እንጂ ሰው አይደለም።

ፌስቡክ የጓደኛ ቁጥርን 5,000 ላይ ይገድባል። ስለዚህ ለመጽሐፉ ሥራ የግል አካውንቱን ሳይሆን ገጽ ይክፈቱ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ፊትዎን ማሳየት ካልወደዱ መጽሐፉን ይዘው አንድ ደቂቃ ያንብቡ። ጭፈራ የግድ አይደለም።

6. አስተያየት፣ ሂስና ስድብ

አንባቢ አስተያየት እንዲጽፍ መጠየቅ ነውር አይደለም። ምን እንዲጽፍ መንገር ነው ነውሩ። "አምስት ኮከብ ስጥልኝ" አይባልም። በገንዘብ የተጻፈ ምስጋና፣ በሐሰት አካውንት ራስን ማድነቅ፣ የአክስት ልጅን እንደ ሐያሲ ማቅረብ፣ እነዚህ ሁሉ የሚታወቁበት ቀን አለ። መጽሐፉን አማዞን ላይ የሚሸጡ ከሆነ ደግሞ ቤተሰብና የቅርብ ወዳጅ አስተያየት እንዲጽፍ፣ ተከፍሎትም እንዲጻፍ አይፈቀድም። ሲደርሱበት ያነሱታል።

መጥፎ ሂስ ሲመጣ መልስ አይስጡ። ይህ ከባድ ምክር ነው፤ ደም ይፈላል። ቢሆንም አይመልሱ። "አልገባህም" ብሎ ከአንባቢ ጋር የሚከራከር ደራሲን ያየ ሌላ አንባቢ የራሱን አስተያየት አይጽፍም። ሂሱ የእውነት ስሕተት ካሳየ፣ ለምሳሌ ሚሌን ከአዋሽ በፊት አድርገውት ከሆነ፣ "አመሰግናለሁ፣ በሚቀጥለው እትም አርመዋለሁ" ብለው ይለፉ። ሂስ ሳይሆን ስድብ ከሆነ ዝም ብለው ያጥፉት።

7. ሬዲዮና ጋዜጣ

አዘጋጁ ዘንድ "ፕሮግራም ስጡኝ" ብለው ሳይሆን ርዕሰ ጉዳይ ይዘው ይሂዱ። "መጽሐፍ ጽፌያለሁ" ዜና አይደለም። "የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ቤተሰብ እንዴት ይኖራል?" ግን የአንድ ሰዓት ውይይት ይወጣዋል፣ መጽሐፉም በመሐል ይነሳል። ከመጽሐፉ ጋር አንድ ገጽ ማስታወሻ ይስጧቸው፤ ስለምን እንደሆነ፣ ሊጠይቋቸው የሚችሏቸው አምስት ጥያቄዎች፣ ስልክዎ።

በሬዲዮ ወይም እንደ ተራኪ ባሉ የድምፅ መጽሐፍ መተግበሪያዎች ይተረክልኝ ካሉ በጽሑፍ ይዋዋሉ። ሥራውን በብሮድካስት የማሰራጨት መብት የእርስዎ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ለደራሲው ሰጥቷል፤ ጥበቃውም በሕይወት ሳሉና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ነው። "ማስታወቂያ ይሆንልሃል" ተብሎ ሙሉ መጽሐፍ በቃል ብቻ አይሰጥም። አንድ ሁለት ምዕራፍ ግን በደስታ ይስጡ።

8. ፒዲኤፉ ሲወጣ

መጽሐፉ ከተወደደ አንድ ሰው ስካን አድርጎ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። ያናድዳል፣ ስርቆትም ነው። ቴሌግራም የቅጂ መብት አቤቱታ ይቀበላል፤ የሽፋኑን ምስል፣ የአይ ኤስ ቢ ኤን ቁጥሩንና የልጥፉን አድራሻ ይዘው ይጻፉላቸው። ለቻናሉ ባለቤትም መጀመሪያ በግል በጨዋነት ይጻፉለት። ደራሲው ሕያው ሰው መሆኑን ሲያይ የሚያነሳ አለ።

በአደባባይ አንባቢዎችን መራገም ግን አይጠቅምም። "ፒዲኤፍ የምታነቡ ሌቦች" የሚል ልጥፍ ፒዲኤፉ መኖሩን ላልሰማው ሁሉ ይነግራል። ይልቁንም ሕጋዊውን መንገድ ቀላል ያድርጉት። ውጭ አገር ያለና ወረቀቱን ማግኘት የማይችል ሰው ኤሌክትሮኒክ ቅጂ የሚገዛበት ቦታ ካጣ ወደ ፒዲኤፉ ይሄዳል። አፍሮ ሪድን የመሰሉ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎችን ይጠይቁ።

9. ውጭ ላለው አንባቢ

ዋሽንግተን ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የአማርኛ መጽሐፍ የሚያስቀምጡ የሐበሻ ሱቆች አሉ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በአሜሪካ የነጻነት በዓል (ጁላይ 4) ሰሞን የሚያዘጋጀው ውድድር ላይም የመጽሐፍ ጠረጴዛ አይጠፋም። ችግሩ መጽሐፍ ከባድ መሆኑ ነው። በሰው ሻንጣ አምስት አምስት መላክ የተለመደ ነው፤ ግን መንገደኛውን አያስጨንቁ፤ እዚህም ይሉኝታ ይገባል። በሻንጣው ፈንታ እዚያው ማሳተም ካሰቡ፣ አማዞን ላይ ከመድከምዎ በፊት የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር ይመልከቱ። የአማርኛ ፊደል ያለበት ፋይልም እንዳይበላሽ በሙከራ ያሳትሙ።

10. ጊዜው

መስከረም ለመጽሐፍ ጥሩ ይመስላል፤ አዲስ ዓመት ነው። ግን የወላጅ ኪስ በትምህርት ቤት ክፍያና በደብተር ተራቁቷል። የፋሲካና የገና ዋዜማም ገንዘቡ ለበግና ለዶሮ ነው። ክረምት ላይ ተማሪው ዕረፍት ነው፣ ዝናቡም ቤት ያስቀምጣል፤ ለልቦለድ ይመቻል። ጽሑፉ ተማሪ ላይ ያተኮረ ከሆነ ሰኔ መጨረሻን ይያዙ። እንደ ንባብ ለሕይወት ያለ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ካለ ቀኑን ቀድመው ይጠይቁ፤ ለብቻ ድንኳን መከራየት ከከበደ ከሁለት ሦስት ደራሲ ጋር ተካፍለው ይያዙ።

11. ደብተር ይያዙ፣ ከዚያ ሁለተኛ እትም

የት ስንት እንዳስረከቡ፣ ስንት እንደተሸጠ፣ ገንዘቡ መቼ እንደገባ፣ በስልክ ያዘዘዎት ሰው ከየት እንደሰማ ይጻፉ። "ከየት ሰሙ?" የምትለዋን ጥያቄ አይርሱ። ሾፌሮቹ እርስ በርስ ተነጋግረው ከሆነ የሚደውሉት፣ የፌስቡክ ማስታወቂያውን ትተው የሞጆውን ምግብ ቤት ያጠናክሩ።

ከመጽሐፍ ቤቶች "ጨምርልን" የሚል ስልክ በተከታታይ ሲመጣ ስለ ሁለተኛ እትም ያስቡ። ከዚያ በፊት አይደለም። አንባቢዎች የላኩልዎትን የፊደል ግድፈት ዝርዝር ያርሙ። ከአስተያየታቸው አንድ ሁለት መስመር አስፈቅደው በጀርባ ሽፋኑ ላይ ያስገቡ። ያልተሸጠውን የመጀመሪያ እትም ሽፋን ቀይረው "ሁለተኛ እትም" ብለው የሚያወጡ አሉ። እንዳይሞክሩት። ሻጮቹ ካርቶኑን ራሳቸው የተሸከሙት ስለሆነ ወዲያው ያውቁታል፤ ቀጣዩን መጽሐፍዎን ይዘው ሲሄዱም "ቦታ የለንም" ይሉዎታል።